ደመናን ከበላይ ሆኖ ማየት

በዚህ ዓምድ ስለ ጓዳና ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ ቆይተን ዛሬ ወደ ሰማይ ብንወጣ ከቤት የራቅን አይምሰላችሁ። የምንናገርለት ነገር የተገኘው በአምቦ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ፥ በልብስ ማስጫው ገመድና በማድ ቤቱ ጢስ መካከል ነውና።

በ2017 ዓ.ም. የፍልሰታን ጾም ከወንድማችን ቤተ ሰብ ጋር ለመጾም ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ አምቦ ሄድን። ከሆለታ እስከ አዲስ ዓለም፥ ከአዲስ ዓለምም እስከ ጊንጪ ያለው አገር በጉም ተሸፍኖ ነበር። የጊንጪ ጥቁር አፈር ውሃ ጠግቦ ያብረቀርቃል፤ ገበሬውም ጤፍ ለመዝራት በጭቃው ውስጥ በሬዎቹን ያመላልሳል። አምቦ በደረስን ጊዜ በወንድማችን ግቢ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ፥ በጫፉ ላይ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች እንደ ተከፈተ መቀስ ተዘርግተው አየን። ይህ ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ የቤቱ እመቤት እየሳቀች፥ «የወንድምዎ ልጅ ዝናቡን ከላይ ሆኜ አያለሁ ይላል፤ እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ ያጠብሁት ልብስ እንዳይበሰብስ እጠብቃለሁ» አለችን።

ልጁ በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፋችን ቀስቅሶ ከበረንዳው ላይ አስቀመጠንና ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ከዘንጎቹ የሚወርደው ሽቦ ለቴሌቪዥን ዲሽ የምንጠቀምበት ዓይነት ሽቦ ነው። ሽቦው ከአውራ ጣት ብዙ በማትበልጥ መሣሪያ ላይ ይገባል፤ መሣሪያዋም በኮምፒዩተሩ ጎን ተሰክታለች። ልጁ ሰዓቱን አይቶ፥ «ሁለት ደቂቃ ቀረ» አለ። እኛም አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተሰማው ሹሹታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሹሹታው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ እንደ ግድግዳ ሰዓትም ትክ፥ ትክ ይል ጀመር። በእያንዳንዱ ትክታ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ አንዲት ቀጭን መሥመር ትጨመራለች። በሰከንድ ሁለት መሥመር፥ በደቂቃ መቶ ሃያ መሥመር እየሆነ ሥዕሉ ልክ እንደ ጥበብ ጥለት ከላይ ወደ ታች ተሸመነ። ሸማኔውም በዚያች ሰዓት ከእኛ በላይ ከ800 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ነበር። በቀድሞው ዘመን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይባል የነበረው፥ ዛሬ ሁሉ ሳተላይት የሚለው ነገር ማለት ነው። ይህኛው ኖኣ 19 የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ ሳተላይት ነበር።

ከሰሜን መጥቶ ወደ ደቡብ ስላለፈ በመጀመሪያ የታየው የግብጽ ዳርቻ ነው። የአባይ ወንዝ ወደ ባሕር ሲደርስ የሚዘረጋው ለም ምድር በነጣው በረሃ መካከል እንደ ጥቁር ማራገቢያ ተከፍቶ ታየ። ቀጥሎ ቀይ ባሕር መጣ፤ ሁለቱ የሰሜን ጣቶቹ ሲናን ይዘው ያለ አንዳች ደመና ቁልጭ ብለው ታዩ። ከዚያ በታች ግን ደጋው የእኛ አገር ነበርና ነጭ በነጭ ሆነ። ጣና የት እንዳለ፥ አዲስ አበባ የት እንዳለች አይታወቅም። ልጁ ጣቱን በነጩ መካከል አሳርፎ፥ «እኛ እዚህ ውስጥ ነን» አለን። ቀና ብለን ወደ ላይ ብናይ በእርግጥ ሰማይ የለም፤ በጣራው ቆርቆሮ ላይ ካፊያ መውረድ ጀምሮአል።

እንግዲህ በእድሜያችን ሙሉ ደመናን ከሥሩ ሆነን ስናይ ኖረናል። ያን ዕለት ከሥሩም ከበላዩም በአንድ ጊዜ አየነው። ይህን ማጋነን አይደለም፤ ልብ የሚነካ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንናገር፤ ከአንባቢዎቻችን ቤት በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ወይም ሴት ልጅ የሌለበት ጥቂት ነውና። ሳተላይቱ የሚልከው የራዲዮ ሞገድ 137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ከጥቂት ይሆናል። አንድ ዘንግ ሞገዱን በደንብ እንዲይዝ የርዝመቱን ሩብ ያህል መሆን ስለሚገባው እያንዳንዱ ዘንግ 53 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ሆኖ ይቆረጣል። ልጁ የለካው በእናቱ የልብስ ስፌት ሜትር ነው፤ ዘንጎቹንም ያገኘው ከአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና ነው። ሁለቱ ዘንጎች የክብ ሢሶ የሚሆን ማዕዘን፥ ማለት 120 ዲግሪ፥ ከፍተው ጠፍጣፋ ሆነው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሲሆን ከላይ የሚመጣውን ይቀበላሉ፤ ቀጥ ብሎ በቆመ አንቴና ከሚያስተላልፍ የምድር ጣቢያ የሚመጣውን ሞገድ ደግሞ ያሳንሳሉ። እነዚህ ሳተላይቶች ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለሚመላለሱም አንቴናው ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲያይ ይደረጋል።

ያች ትንሽ መሣሪያ የራስዋ ታሪክ አላት። የተሠራችው በኮምፒዩተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2012) ግን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ከቴሌቪዥኑ ሌላ ብዙ ዓይነት ሞገድ እንዳለ ለኮምፒዩተር ማቀበል እንደምትችል ገለጡ። ከዚያ በፊት በትልቅ ገንዘብ ይገዛ የነበረው ራዲዮ በውጭ አገር በ30 ወይም በ40 ዶላር የሚገኝ ሆነ። የቀረውን የሚሠራው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ልጁ የሚጠቀምበት ሳትደምፕ ይባላል።

አምቦ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አየን። መብራት በጠፋ ጊዜ ሥዕሉ ይጠራል። ምክንያቱም የስልክ ኃይል መሙያው፥ የርካሽ አምፖሉና የቴሌቪዥኑ ማሠራጫ ሁሉ በየበኩላቸው የራዲዮ ጫጫታ ስለሚያወጡ፥ ሠፈሩ ሲጨልም ከሰማይ የሚመጣው ደካማ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ልጁ በባትሪ የሚሠራውን ኮምፒዩተሩን ታቅፎ መብራት ሲጠፋ የሚደሰት በከተማው ብቸኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም። እናቱ ግን በዚያች ሰዓት ምጣድዋ ስለሚቀዘቅዝ ደስታውን አትጋራም።

የቤቱ አያት፥ ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ የሆነ እናት፥ በመጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም ነበር አሉን። የፈጣሪን ሥራ ከበላይ ሆኖ መመልከት ድፍረት አይሆንም ወይ ብለው ልጁን ገሥጸውት ነበር። ልጁም፥ «አያቴ፥ እርስዎ ጉንዳን እንቁላሏን ተሸክማ ስትወጣ አይተው እህሉን አግቡ ይሉን የለም ወይ?» ቢላቸው ጥቂት አሰቡና፥ «ጉንዳንዋ ውሸት አታውቅም፤ ይህ ዕቃ ግን እንዴት እንደሆነ ገና አላየነውም» አሉ። የእኒህን እናት ቃል ያን ጊዜ በሳቅ አለፍነው፤ ወደ ኋላ ግን አስታወስነው።

ይህ ጥበብ ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ ወደ 1952 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት መጋቢት 23 ቀን (በአውሮፓ ሚያዝያ 1 ቀን 1960) ቲሮስ 1 የተባለው የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣ። የሠራው 78 ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን የምድር ደመና ሥርዓት ያለው፥ እየተጠመጠመ የሚሄድ ነገር መሆኑን ለዓለም አሳየ። ቲሮስ 8 በታኅሣሥ ወር 1956 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ ሌላ መልካም ነገር ተጨመረ። ሳተላይቱ ያየውን ለባለቤቱ መንግሥት ብቻ ማስረከቡ ቀርቶ፥ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ላይ እንደ ራዲዮ ጣቢያ በግልጥ እንዲያሰማ ተደረገ። ማንም መቀበያ ያለው፥ ድኃ መንግሥትም ቢሆን፥ ተማሪም ቢሆን፥ ፈቃድና ክፍያ ሳይጠየቅ ከራሱ ሰማይ ላይ ያነሣዋል። በዓለም ላይ መንግሥታት ብዙ ነገር ሲነፋፈጉ ይህ አንድ ነገር ከስድሳ ዓመት በላይ ለሁሉ ተከፍቶ መኖሩ የሚያስገርም ነው።

የዚያ አሮጌ ሥርዓት የመጨረሻዎቹ አገልጋዮች ሦስት ነበሩ፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው ኖኣ 15፥ በ1997 ዓ.ም. የወጣው ኖኣ 18ና በ2001 ዓ.ም. የወጣው ኖኣ 19። ሦስቱም ከታቀደላቸው ዕድሜ በላይ ሠርተዋል። ኖኣ 18 በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ቀን ተዘጋ። እኛ በአምቦ ሳለን ነሐሴ 7 ቀን ኖኣ 19 ዝም አለ። የቀረው ሽማግሌው ኖኣ 15 ነበር፤ እርሱም ከስድስት ቀን በኋላ ነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል ተዘጋ። በማግስቱ ልጁ እንደ ልማዱ በሰዓቱ ተቀምጦ ጠበቀ። ሹሹታው ብቻ መጣ። የቡሄ ችቦ አመድ ገና ከደጅ አልተጠረገም፤ ከሠፈሩ ልጆች አንዳንዶቹ ጅራፍ እያጮሁ ነበር፤ ልጁ ግን የሃያ ሰባት ዓመት ወዳጁን ቀብሮ እንደ መጣ ሰው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሳተላይቱ ሲወጣ ልጁ ገና አልተወለደም ነበር።

ነገር ግን በዚያ አልቀረም። ሜቴዎር ኤም የሚባሉት የሩሲያ ሳተላይቶች፥ ቁጥር 2-3 በሰኔ 2015 ዓ.ም.፥ ቁጥር 2-4 በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወጥተው በዚያው በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሥዕል ይልካሉ። ያው አንቴና፥ ያው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ልዩነቱ እነዚህ ሥዕሉን በቁጥር ለውጠው ስለሚልኩ ትክታ የላቸውም፤ ድምፃቸው በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አንድ ወጥ ነው። ሥዕሉ ግን እጅግ ይበልጣል። በኖኣ ሥዕል አንዲት ነጥብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን በዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ናት። ልጁ በጥቅምት የላከልን ሥዕል ላይ ጣና ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም እንደ ተበጠሰ ዶቃ ተራ በተራ ወርደዋል። ከአምቦ በስተ ደቡብ በተራራው አናት ላይ ያለውን የወንጪን ሐይቅ ፈለግነው፤ በጣት የሚቆጠሩ ጥቁር ነጥቦች ሆኖ አገኘነው። ታንኳ ተሳፍረን፥ ወደ ደሴቱ ገዳም የተሻገርንበት ያ ሁሉ ውሃ ከትንኝ ያነሰ ሆኖ ሲታይ ሰው ስለ ራሱ መጠን ያስባል።

አሁን ወደ ክረምቱ ደመና እንመለስ፤ ብዙ ያስተማረን እርሱ ነውና። ከጉደር አቅጣጫ የሚመጣ አንድ የወንድማችን ወዳጅ ገበሬ አለ። ሥዕሎቹን አይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ፊቴን ይነካኛል፤ ዝናብ የሚያመጣውም እርሱ ነው። በዚህ ሥዕል ላይ ግን የደመናው ራስ ወደ ምዕራብ ተጎትቶ ይታያል። ደመናው ወደ መጣበት ይመለሳል ወይስ ሥዕሉን ገልብጣችሁ ይዛችኋል?» አለ። ሥዕሉ አልተገለበጠም። በክረምት በአገራችን ላይ ሁለት ነፋስ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ይነፍሳል። በምድር አጠገብ ያለው ከኮንጎ ደንና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነጉድ ብርቱ ነፋስ አለ። ትልቁ የነጎድጓድ ደመና ሥሩ በታችኛው ነፋስ ይመገባል፤ ራሱ ከላይኛው ሲደርስ እንደ ጢስ ወደ ምዕራብ ይጎተታል። ገበሬው ፊቱ ላይ የተሰማውም፥ ሳተላይቱ ያየውም እውነት ነበር።

ይህ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ነገር ብዙ ጊዜ በሱዳን አያበቃም። ከኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚነሡ የነጎድጓድ ማዕበሎች ምዕራብ አፍሪካን አቋርጠው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ለሚሄዱት የነፋስ ሞገዶች መነሻ ከሚሆኑት መካከል ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ክረምት በአትላንቲክ ላይ ለብዙ ቀን የቆየው አልቤርቶ የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ፥ ሊቃውንት በሳተላይት ሥዕል ወደ ኋላ እየተከተሉ ቢመረምሩት መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ ደመና ሆኖ ተገኝቶአል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ እኛን ከቤት የሚያግደን ነጎድጓድ የሌላውን ዓለም መርከበኛ ሊያስጨንቅ ይችላል ማለት ነው።

ከምሥራቅ የሚመጣብንም አለ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መኩኑ፥ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሉባን የተባሉ ዐውሎ ነፋሶች በዐረብ ምድረ በዳ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረዱ። በረሃው ለመለመ፤ በዚያም ልምላሜ ውስጥ የበረሃ አንበጣ ተራባ። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜንና ምሥራቅ ላይ የወረደው መንጋ ከዚያ የተነሣ ነው። የዐውሎ ነፋሱ ሥዕል በጊዜው ለሁሉ ታይቶ ነበር፤ አንበጣው ግን ከዓመት በኋላ መጣ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ደስ የሚያሰኘውን ነው። አሁን የሚያሳፍረንን እንጻፍ።

በ2018 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮንን በዓል በአዲስ ዓለም አክብረን ከዚያ ወደ አምቦ ዘለቅን። በዚያ ሰሞን የጤፉ አጨዳ ተጀምሮአል። ያ ከላይ ያነሣነው ገበሬ ነጭ ጤፉን አጭዶ ነዶውን በማሳው ላይ አስተኝቶ ነበር። ሰው ካገኘ በዚያው ቀን ሊከምረው፥ ካላገኘ ደግሞ እስከ ማግስቱ ሊያቆየው አስቦ በጠዋት ወደ ወንድማችን ቤት መጣ። ልጁ በረፋዱ የተቀበለውን ሥዕል ዘረጋለት። በሸዋ ላይ ነጭ ነገር የለም። ወደ ደቡብ፥ ወደ ስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ ግን ደብዛዛ ግራጫ ነገር ነበር። ልጁ በእርሱ ላይ ጣቱን አኑሮ ሲያመነታ፥ እኛ ብዙ የምናውቅ መስሎን፥ «ይህ ዝናብ ያዘለ ደመና አይደለም፤ ነገ ቢከምሩትም ምንም አይሆን» ብለን ተናገርን። ገበሬውም የከተማ ሰው ከነገረው ብሎ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓድ እንኳ በቅጡ አልተሰማም፤ ዝም ብሎ የሚወርድ፥ የሚያበሰብስ ዝናብ እስከ ማታ ወረደ። ነዶው ራሰ። ጤፍ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነጩ ጤፍ ይጠቁራል፥ ፍሬው ይረግፋል፥ በገበያም ዋጋው ይወርዳል። የዓመት ቀለብና የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ በዚያ ማሳ ላይ ተኝቶ ነበር። በማግስቱ ከልጁና ከወንድማችን ጋር ሄደን ነዶውን እየገለበጥን ለፀሐይ ሰጠነው። ገበሬው አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገረንም። ቢቈጣን ይሻለን ነበር። እኒያ አያትም ማታ ስንመለስ፥ «ጉንዳንዋን ጠይቃችሁ ነበር?» ብለው ብቻ ወደ ጓዳ ገቡ።

ምን እንደ ተሳሳትን ከዚያ ወዲህ መርምረናል። አንደኛው ስሕተት የጊዜ ነው። ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚሄድ ሳተላይት ሥዕል የሚሰጠው ባለፈበት ሰዓት የነበረውን ብቻ ነው። በተራራማ አገር ደመና በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ይዘንባል። እኛ የረፋድ ሥዕል ይዘን የማታውን ተናገርን። የትናንት ጋዜጣ አንብቦ የዛሬን ገበያ እንደ መናገር ነው።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው፤ ለአገራችንም በተለይ የሚመለከት ነው። ሳተላይቱ ከሚያያቸው ዐይነቶች አንዱ የሙቀት ጨረር ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ ከፍ ብሎ የወጣ ደመና ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዝቅ ብሎ የቀረው ደመና ከምድሩ ሙቀት ብዙ ስለማይለይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ከሳተላይት ዝናብ የሚገምቱ ሰዎች የቀዘቀዘውን ነጭ ደመና ዝናም ያዘለ ነው ብለው ይቈጥራሉ። በሜዳ አገር ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በደጋ አገር ግን እርጥብ አየር የተራራውን ገጽ ተከትሎ ሲወጣ ደመናው ብዙ ከፍ ሳይል፥ ሳይቀዘቅዝም፥ ይዘንባል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ቱፋ ድንቁና ባልደረቦቻቸው በሳተላይት የተገመተውን ዝናብ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ካሉ የዝናብ መለኪያዎች ጋር አስተያይተው ይህን ጕድለት አሳይተዋል። በተቃራኒውም አለ፤ በሰማይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ስስ የበረዶ ደመና በሥዕሉ ላይ እንደ ጥጥ ነጥቶ ይታይና አንዲት ጠብታ አይሰጥም።

ስለዚህ ሥዕሉና የምድሩ መለኪያ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚጠቅሙት። ዶክተር ቱፋ ድንቁ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር የሠሩት ታላቅ ሥራም ይኸው ነው። የመለኪያ ጣቢያዎቻችን በብዛት በከተሞችና በአውራ መንገድ ዳር ስለሆኑ በመካከል ያለው ሰፊ ገጠር ሳይለካ ይቀራል። እነርሱ የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሠላሳ ዓመት የሳተላይት ሥዕል ጋር አዋሕደው ክፍተቱን ሞሉት። በኢትዮጵያ የተጀመረው ይህ ዘዴ ኢናክትስ ተብሎ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተተክሎአል። ከአገራችን ወደ ሌላው የሄደ ዕውቀት ስለሆነ ልጆቻችን ስሙን ቢያውቁት አይከፋም።

በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው፥ የሚጠቀመው በሌላ ዓይነት ሳተላይትም ነው። ሜቴዎሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከአንድ ቦታ የማይነቃነቁ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የወጣው በኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው። ከእነርሱ አንዱ፥ ሜቴዎሳት 9፥ በ2014 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ከ45 ዲግሪ ከግማሽ ምሥራቅ ላይ ቆሞ በየ15 ደቂቃው እንዲያይ ተደረገ፤ ይህም ከኢትዮጵያ አናት ብዙ የራቀ አይደለም። በዚህ ዓይነት ሥዕል ቢሆን ኖሮ ያ ደመና ሲነሣ ከምሳ በፊት ይታይ ነበር። በዚያ ጠዋት የራዲዮውን የአየር ጠባይ ወሬ ከፍተን ብንሰማ ኖሮስ? አልሰማነውም፤ የራሳችን ሥዕል ነበረና ማን ይሰማዋል!

በዚህ ሥራ መግባት ለሚወዱ ወጣቶች ሁለት ነገር እንጠቁም። መሣሪያዋ ትቀበላለች እንጂ አታስተላልፍም። ይሁን እንጂ የራዲዮ ዕቃ ከውጭ አገር ከማስመጣት በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል፤ ማስተላለፊያ ያለውማ ያለ ፈቃድ አይያዝም። አዲስ አበባ ያሉ ደግሞ በአምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፥ ኢቲ 3 ኤኤ በሚል የጥሪ ስም በዓለም የታወቀው፥ መኖሩን ይወቁ። ሴቶች ልጆችም አይቅሩ፤ የልጁ ታናሽ እኅት ዛሬ የሳተላይቱን ማለፊያ ሰዓት ከወንድምዋ አስቀድማ ታውቃለች።

ከዚያ ከኅዳር ወዲህ በአምቦው ቤት አንድ ደብተር ተከፍቶአል። ገበሬው በማሳው ጥግ ጎኑ ቀጥ ያለ አንድ ጣሳ በድንጋይ አስደግፎ አቁሞአል፤ በየጠዋቱ በሁለት ሰዓት ልጁን ልኮ ከታች በማስመሪያ ያስለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን ሰምቶ፥ «ታዲያ ይህማ በእንስራ የሚቈጠር ነው» ብሎ ማሳውን በእንስራ አስልቶታል። የወንድማችን ልጅ ደግሞ በሥዕሉ ላይ በዚያ ቦታ ያየውን ቀለም፥ ነጭ፥ ግራጫ ወይም ባዶ ብሎ ከጎኑ ይጽፋል። የተስማሙበት ቀን አለ፤ ያልተስማሙበትም አለ። ራሱን ጤፉን ገበሬው በጥር ወቅቶ ከፊሉን በሰርገኛ ዋጋ ሸጦታል።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ወደ አምቦ ደውለን ነበር። ስልኩን ያነሡት አያቲቱ ናቸው። ደብተሩን በልጅቱ አስነብበው ነገሩን፤ በጣሳው ውስጥ አራት ሚሊ ሜትር ተገኝቶአል፥ በሥዕሉ ረድፍ ግን ባዶ ተብሎ ተጽፎአል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ጉንዳኖቹ ትናንት ማታ ከበሩ ሥር ወጥተው እንደ ነበር ጨመሩልን።